የጓሳን ቀለሞች ሹራብ ላይ ለማውጣት ለምታስቡ

ለዓመታት ሹራብ ስሠራ የኖርኩት ሌሎች ባዘጋጁት ንድፍ ነው፤ የተባልኩትን ቁጥር እየቆጠርኩ፣ የተባልኩትን ቀለም እየገዛሁ። እዚህ ስዊድን፣ ጎተንበርግ ክረምቱ ረጅም ስለሆነ እጅ ሥራ አይፈታም። ከራሴ አውጥቼ፣ የመንዝን ደጋ የሚያውቅ ሰው ሲያየው "ይሄማ ጓሳ ነው" የሚለው ሹራብ ልሥራ ብዬ ስነሳ ግን የማውቀው ሁሉ አልበቃኝም። መርፌ መያዝ አንድ ሙያ ነው፣ ንድፍ ማውጣት ሌላ ሙያ ነው። ክርና ጊዜ የበላብኝን ነገር እዚህ የማሰፍረው እንደኔ በባዕድ አገር ክረምት ወይም በደብረ ብርሃን ብርድ ተቀምጣችሁ ይህንኑ ለምታስቡ ነው። ሹራብ ጀምሮ መጨረስ ገና ያልለመደ ሰው ግን መጀመሪያ አንድ ሁለት ሻርፕና ኮፍያ ሠርቶ ቢመለስ ይሻለዋል።

ሹራቡ የታሰበው መንዝ ውስጥ፣ መሃል ሜዳ ከተማ ለሚኖረው አጎቴ ነው። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ እሱ ዘንድ እንላክ ነበር። ጓሳን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ላላወቃችሁት፦ ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ መንዝ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ የሣር ምድር ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳ ይሠራበታል። የአካባቢው ሰው ቄሮ በሚባል የራሱ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲደርስ እየከፈተ፣ በተራ እያጨደ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደጠበቀው ይነገራል፤ ሥርዓቱ የላላው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። ቀይ ቀበሮው፣ ጭላዳ ዝንጀሮው፣ ጅብራ የሚባለው ረጅሙ ተክል ዛሬም አሉ። አጎቴ ስለ ጓሳ ከጀመረ አያቆምም። ለሱ ከዚህ ሌላ ምን ይሠራለታል?

የመጀመሪያው ንድፌ ሁሉንም ያዘ። ከታች ተራራ፣ ከተራራው በላይ ቀበሮ፣ ከቀበሮው በላይ ደረቱ የቀላ ጭላዳ፣ በመሃል ጅብራ፣ ዳር ዳሩን ቢጫ አበባ። ወረቀት ላይ ደስ ይላል። ደረቱን ብቻ በናሙና ሠርቼ ወንበር ላይ አንጥፌ ስመለከተው ግን የአንደኛ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የእንስሳት ሥዕል ሆኖ አገኘሁት። ቀበሮው ውሻ መሰለ፤ ጭላዳው ምን እንደሆነ እኔም ያወቅሁት ስለሠራሁት ብቻ ነው። ሹራብ ላይ አንድ እንስሳ በቅጡ ለመለየት ብዙ ቀለበት ይፈልጋል፤ ወፍራም ክር ደግሞ ያን ያህል ቦታ አይሰጥም። (በመርፌው ላይ የምንይዛትን እያንዳንዷን የክር ጥምዝ ቀለበት እላታለሁ፤ አንዱን ሙሉ የቀለበት ረድፍ ደግሞ ዙር።)

እዚህ ላይ የምመክራችሁ ከጠቅላላው ጽሑፍ ይበልጣል ብዬ የማምነውን ነው። ከተፈጥሮ የምትወስዱት የነገሮችን ቅርጽ ከሆነ ትደክማላችሁ። የቀለሞቹን ቅደም ተከተልና የብርሃኑን መጠን ውሰዱ። አንድ ቦታ ምረጡ፤ ከዚያ ቦታ አንድ ሰዓት ምረጡ። ጓሳ በነሐሴ ሌላ ነው፣ በኅዳር ንጋት ሌላ ነው። እኔ በመጨረሻ የመረጥኩት የኅዳርን ንጋት ነው፦ ከሥር ገና ያልነጋለት ጥቁር ቡናማ ሸለቆ፣ ከዚያ አመዳይ የነካው ገለባ መሳይ ሣር፣ ከዚያ ከገደሉ ሥር የሚወጣው ግራጫ ጉም፣ ከላይ ነጣ ያለ ሰማይ። ይህ ከታች ወደ ላይ ሲነበብ ከደረት ወደ አንገት የሚሄድ ሹራብ ነው። ሣልኩም አልሣልኩም፣ ቅደም ተከተሉ ራሱ ቦታውን ይናገራል። ከእንስሳቱ ሳልተው የያዝኩት ቀበሮውን ብቻ ነው፤ እሱንም በአንዲት ቀይ ቀለበት ነጥብ።

ቀለሙን ከፎቶ ስለቀዳሁ ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር። የቀበሮውን ዝገት መሳይ ቀይ ከሣሩ አረንጓዴ ጋር አጋጥሜ አንድ ቁራጭ ሠራሁ። በእጄ ይዤ ሳየው ያምራል። ከክፍሉ ማዶ ሆኜ ሳየው ንድፉ የለም! አንድ ቡናማ ነገር ብቻ። በየሳምንቱ ሐሙስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከምንሰበሰበው ሹራብ ሠሪዎች መካከል አንዲት በዕድሜ የገፉ ስዊድናዊት ስልኬን ተቀብለው ቁራጩን ፎቶ አነሱና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ለወጡት። ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ወጡ። ቀለማቸው ይለያይ እንጂ ጨለማቸው እኩል ነው፤ ዓይን ከርቀት ንድፍ የሚለየው ደግሞ በቀለም ዓይነት ሳይሆን በጨለማና በብርሃን ልዩነት ነው።

ከዚያ ወዲህ ክር ሱቅ ገብቼ ልቃቂቶቹን ጎን ለጎን ሳልደረድርና በስልኬ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሳላነሳ አልገዛም። ሻጮቹም ለምደውኛል። አብረው በአንድ ዙር የሚሠሩ ሁለት ቀለሞች በዚያ ፎቶ ላይ በግልጽ ካልተለያዩ አንዱን መልሱት፣ የቱንም ያህል ብትወዱት። በተቃራኒው ቀስ በቀስ እንዲዋሃዱ የምትፈልጓቸው፣ ለምሳሌ ጉምና ሰማይ፣ በፎቶው ላይ መቀራረብ አለባቸው። ይህን አንዴ ከያዛችሁ ከቦታው እውነተኛ ቀለም መራቅ ብትፈልጉም አትፈሩም። የኔ ሣር አሁን አረንጓዴ አይደለም፤ የደረቀ ገለባ ቀለም ነው፣ ግን አጎቴን ጨምሮ ማንም አልተሳሳተውም።

ቀጥሎ የመጣው የወረቀቱ ጉዳይ ነው። ባለ ካሬ ደብተር ላይ ጅብራን ሣልኩ፤ ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ ጫፉ የሾለ። ጅብራን ያየ ሰው ቁመቱን አይረሳም፤ ዘመኑን ሁሉ ቆይቶ አንዴ ያብባል፣ ዘንጉ ከሰው በላይ ይሄዳል፣ ከዚያ ይደርቃል። ስሠራው አጭርና ደንዳና ሆኖ ወጣ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የሹራብ ቀለበት ካሬ አይደለችም፤ ጎኗ ይሰፋል፣ ቁመቷ ያጥራል። በኔ ክር 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ በወርድ 18 ቀለበት ይገባል፣ በቁመት ግን 24 ዙር። ስለዚህ ወረቀት ላይ 24 ካሬ ወርድና 24 ካሬ ቁመት ያለው ሥዕል ሹራብ ላይ 13 ሴንቲ ሜትር ይሰፋና 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቆማል። መፍትሔው ወርዱ 4 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ሳጥን ያለው ወረቀት በኮምፒውተር አትሞ እሱ ላይ መሣል ነው። የናንተ ክር ሌላ ልኬት ካለው ሳጥኑም በዚያው ልክ ይለወጣል። ይህን ሳታደርጉ ክብ ነገር፣ ፀሐይም ቢሆን አበባ፣ እንዳትሞክሩ፤ የተረገጠ ኳስ ነው የሚሆንላችሁ።

ስለ ክር ልናገር። የመንዝ በግ በጠጉሩ የታወቀ ነው፤ ባናውም በርኖሱም ከሱ ይሠራል። ጥቁሩ፣ ቡናማው፣ ነጩ ሳይነከር እንዲሁ ያምራል። ለመንዝ ሹራብ የመንዝ ክር ይገባዋል ብዬ እናቴን ላኪልኝ አልኳት። ደውላ፦

"ልጄ፣ ይሄ እኮ የባና ክር ነው። አንገት ላይ የሚሆን መስሎሽ ነው?"

"እማዬ፣ ለጥቁሩ ብቻ ነው፤ ትንሽ ነው የምፈልገው።"

"ትንሹም ይበላል። ቀጠን ተደርጎ ይፈተልልሽና እንደሆነ ይሁን።"

እውነቷን ነበር። የመጀመሪያው ክር ወፍራምና ሻካራ ሆኖ በ10 ሴንቲ ሜትር 14 ቀለበት ብቻ ነው የሚይዘው። 18 ከሚይዝ ክር ጋር በአንድ ዙር ሲገባ ጨርቁን ያጨማድደዋል። ቀጥኖ የተፈተለው ሲመጣም ሙሉ ለሙሉ እኩል አልነበረም፣ የእጅ ፈትል ነውና፣ ግን ተስማማ። እሱን የተጠቀምኩበት ለታችኛው ጥቁር ሸለቆ ብቻ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ከሥር ሸሚዝ ስለሚኖር ቆዳ አይነካም። የተለያየ ክር መቀላቀል የምትፈልጉ ሁሉ ውፍረቱን በዓይን አትመኑት። የሁለቱንም ናሙና ሠርታችሁ ቁጠሩ።

ለቀሪው የአይስላንድ ሱፍ ወሰድኩ፤ ሌትሎፒ የሚባለውን። አንድ ልቃቂት 50 ግራም ሆኖ 100 ሜትር ገደማ ክር አለው። የመረጥኩት ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ክሩ ጠጉራም በመሆኑ ቀለሞቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ትንንሽ የእጅ ጉድለትም ይሸፈናል። ለስላሳና የሚያዳልጥ ክር እያንዳንዷን ስህተት ያሳያል። 100 ሴንቲ ሜትር የደረት ዙሪያ ላለው ሹራብ ከዋናው ቀለም 9 ልቃቂት፣ ከሌሎቹ አንድ አንድ በቂ ነው። ዋናውን ቀለም በአንድ ጊዜ ግዙ፤ ልቃቂቱ ላይ ባለው ወረቀት የተጻፈው የማቅለሚያ ሎት ቁጥር፣ ማለትም አብሮ የተነከረው ክር መለያ፣ አንድ መሆኑንም እዩ፣ ያለበለዚያ እጅጌው ከአካሉ በአንድ ደረጃ ይለያል። አዲስ አበባ ሆናችሁ ከመርካቶ የምትገዙት አብዛኛው ክር ሰው ሠራሽ ነው፤ በእሱም ይሠራል። ልዩነቱ ሱፍ ታጥቦ ሲነጠፍ ቀለበቶቹ እየተስተካከሉ ሲቀመጡ ሰው ሠራሹ ግን እንደሠራችሁት መቅረቱ ነው። ስለዚህ በእጃችሁ እኩልነት ላይ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ ላስተካክለው ብላችሁ ካውያ ግን አታሳርፉበት፣ ሙቀቱ ክሩን አሟሙቶ ለዘለዓለም ያላሽቀዋል።

ናሙና መሥራት የማይወድ ሰው ብዙ ነው፣ እኔም ከነሱ ነኝ። ሆኖም ስሌቱን ልንገራችሁና ራሳችሁ ፍረዱ። አጎቴ ደረቱ 92 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መላወሻ 8 ሲጨመር 100። በ10 ሴንቲ ሜትር 18 ቀለበት ከሆነ 180 ቀለበት ያስፈልጋል። እጄ ጠብቆ 20 ቢሆን ያው 180 ቀለበት 90 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከደረቱ ያነሰ ሹራብ ማለት ነው። ሁለት ቀለበት እኮ ናት! በዚያ ላይ በሁለት ቀለም ሲሠራ እጅ በተፈጥሮው ይጠብቃል፣ ምክንያቱም የማይሠራው ክር ከኋላ እየተሻገረ ይጎትታል። የኔ የመጀመሪያ ትከሻ ያለቀው በዚህ ነው፤ አካሉ ልክ ሆኖ ባለ ቀለሙ ክፍል ላይ አጎቴ ይቅርና እኔ አልገባበትም። ተረተርኩት።

ስለዚህ ሁለት ናሙና ሥሩ፤ አንዱን ባለ አንድ ቀለም፣ ሌላውን ባለ ንድፍ። ሁለቱንም በክብ መርፌ፣ ዙሪያውን እየሄዳችሁ ሥሩ፤ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሳችሁ የሠራችሁት ናሙና ልኬቱ ሌላ ነው። ከዚያ እጠቡት፣ ይድረቅ፣ ያኔ ለኩ። እኔ ባለ አንድ ቀለሙን በ4.5 ሚሊ ሜትር መርፌ፣ ባለ ንድፉን በ5 ሠርቼ ነው ሁለቱን ያገናኘኋቸው። እናንተ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት ላይበቃችሁ ይችላል፤ የሰው እጅ ይለያያል። ላስቲኩን ማለትም የወገቡንና የእጅጌውን ጫፍ በ3.5 ሠራሁት።

የትከሻውን ስሌት የሚፈራው ሰው ብዙ ስለሆነ እዚህ ዘርዘር ላድርገው። ይህ ዓይነቱ፣ ከአካልና ከሁለቱ እጅጌዎች በአንድ ዙር ተያይዞ ወደ አንገት እየጠበበ የሚወጣው አሠራር፣ አይስላንድ ውስጥ ባለፈው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ የተስፋፋ ነው። ከታች ጀምራችሁ አካሉን ለብቻ፣ እጅጌዎቹን ለብቻ ብብት ድረስ ትሠራላችሁ። ከአካሉ 180 ውስጥ በያንዳንዱ ብብት 10 ቀለበት ለይታችሁ ታቆያላችሁ፤ 160 ይቀራል። እጅጌው 60 ከሆነ ከያንዳንዱ 10 ታቆያላችሁ፤ ሁለቱ 100 ይሆናሉ። አንድ ላይ 260። ንድፋችሁ በየ10 ቀለበቱ የሚደጋገም ከሆነ 26 ጊዜ ይገባል፣ ምንም ሳይተርፍ። ከዚያ እያንዳንዱ ባለ 10 ድግግሞሽ ወደ 8፣ ወደ 6፣ ወደ 4፣ በመጨረሻ ወደ 3 ይቀንሳል፤ አንገት ላይ 78 ቀለበት ትደርሳላችሁ፣ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከብብት እስከ አንገት ያለው ቁመት 23 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 55 ዙር ነው። መጀመሪያ ይህን ቁጥር አውጡ፣ ንድፉን ከቁጥሩ ውስጥ ሣሉት። ንድፉን አስቀድሞ ሥሎ ቁጥር ፍለጋ መሄድ ነው እኔን ሳምንታት የፈጀብኝ።

ቁጥሩ ሲታወቅ ጅብራው በራሱ ቦታውን አገኘ። ተክሉ ወደ ላይ ሲወጣ ይሾላል፤ ሹራቡም ወደ ላይ ሲወጣ ይጠባል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ባለ 10 ድግግሞሽ መሃል አንድ ጅብራ አቆምኩና ቅነሳውን በጅብራዎቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ አደረግኩት። ቅነሳው አይታይም፤ ጅብራዎቹ እየተቀራረቡ የሚሄዱ ይመስላል፣ ከሩቅ ቆሞ ዳገት እንደሚያይ ሰው። ንድፋችሁ ዛፍ ይሁን ተራራ ወይም ወፍ፣ የሚጠበውን ነገር ከቅነሳው ጋር አገናኙት። የሚሰፋ ነገር፣ ለምሳሌ ከላይ የሚዘረጋ ግራር፣ በዚህ አሠራር ትከሻ ላይ አያምርም፤ እሱ ከወገብ አካባቢ ይሻለዋል። የሚቻል ከሆነ ቅነሳውን አንድ ቀለም ብቻ ባለበት ዙር ላይ አድርጉት። ንድፉ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ከኋላ በኩል ብቻ አጫጭር ተመላሽ ረድፎች ሠርታችሁ ጀርባውን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት። ይህ ካልተደረገ የፊቱ አንገት ጉሮሮ ያንቃል።

ጉሙ ግን አስቸገረኝ። በሣሩና በጉሙ መካከል ያለው መስመር ስለት ሆኖ ወጣ፤ ጉም ደግሞ ጠርዝ የለውም። ነጠብጣብ ሞከርኩ፣ ቦረቦር ሞከርኩ፣ አልሆነም። መልሱን ያገኘሁት ከጎተንበርግ በስተ ሰሜን ኡደቫላ ከተማ ባለው የቡሁስሌን ሙዚየም ውስጥ ነው። እዚያ የቡሁስ ሹራቦች አሉ። ታሪኩ ደስ ይላል፦ በቡሁስሌን ድንጋይ ጠራቢዎች ሥራ ባጡበት ዘመን ሚስቶቻቸው ቤት ሆነው ገቢ እንዲያገኙ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1939 በኤማ ያኮብሶን መሪነት የተቋቋመ ድርጅት ነው፤ ኤማ የአገረ ገዥው ባለቤት ነበሩ። እስከ 1969 ድረስ ሠርቷል። ሹራቦቹን ቀርቦ ያየ ሰው ቀለሙ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ አይለይም።

ምስጢሩ ሁለት ነው። አንደኛው በአንድ ዙር ሦስትና ከዚያ በላይ ቀለም መጠቀማቸው ነው፤ ለምሳሌ የስኮትላንዷ የፌር አይል ደሴት የሹራብ ልማድ በአንድ ዙር ከሁለት አያልፍም። ሁለተኛው፣ እኔን ያዳነኝ፣ አንዳንዷን ቀለበት ግልብጥ አድርገው መሥራታቸው ነው። ግልብጥ ቀለበት ላዩ ላይ ትንሽ ጉብታ ትተዋለች፤ ጉብታዋ ከሥሯ ያለውን ዙር ቀለም ከራሷ ቀለም ጋር ታቀላቅላለች። በሣርና በጉም መካከል ባሉት ሦስት አራት ዙሮች ላይ ከአሥሩ ቀለበት ሁለቷን ግልብጥ አደረግኋት፤ በየዙሩ ቦታቸውን እየለዋወጥኩ። መስመሩ ጠፋ! ጉም ሆነ። አታብዙት ግን። ግልብጧ ስትበዛ ጨርቁ ይሰበሰባል፣ ንድፉም ይደበዝዛል። ለውኃ ዳርቻ፣ ለጢስ፣ ለጀምበር መጥለቂያም ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ሥራው ላይ ስትሆኑ ከኋላ የሚሻገረውን ክር ጠብቁ። በዚህ ውፍረት አንድ ቀለም ከ5 ቀለበት በላይ ሳይሠራ ከዘለለ ከኋላ ያለው ክር ጣት የሚይዝ ረጅም ማንጠልጠያ ይሆናል፤ እጅጌ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሲለበስ ይበጠሳል። ከ5 የሚበልጥ ከሆነ መሃል ላይ ከሚሠራው ክር ጋር አንዴ ጠምዝዛችሁ ያዙት። ንድፉን ስትሥሉ ከ5 በላይ ዝላይ እንዳይኖር ካደረጋችሁ ግን ይህ ጣጣ ከነጭራሹ አይነሳም። ከመርፌው ላይ አሁን የሠራችኋቸውን ቀለበቶች በየጊዜው ወደ ጎን ዘርጋ ዘርጋ አድርጉ፤ የኋላው ክር በዚያው ልክ ይረዝማል፣ ጨርቁም አይጨማደድም።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ሁለት ክር ስትይዙ አንዱ ሁልጊዜ ከሌላው ሥር ይመጣል፤ ከሥር የሚመጣው ቀለም ጎላ ብሎ ይታያል። ጅብራዬ ጎልቶ እንዲታይ ስለፈለግኩ የሱ ክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከሥር ነው። መሃል ላይ ስልክ አንስቼ ተመልሼ ክሮቹን አቀያይሬ ከያዝኩ፣ ከዚያ ዙር በላይ ያለው ጅብራ ደብዝዞ ይታያል፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ክሩን ይረግማል። የትኛው ከሥር እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከፊታችሁ አስቀምጡ። የዙሩን መነሻ ደግሞ ከጀርባ፣ ከግራ ትከሻ በኩል አድርጉት፤ እዚያ የሚፈጠረውን አንድ ደረጃ መዛባት ማንም አያየውም።

ቀይ ክር ካላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ትንሽ ቆርጣችሁ በውኃ አርሳችሁ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ጨርቁ ከቀላ ያ ክር ከነጭ ጋር አይኖርም። በመጨረሻው እጥበት ላይ ከማልቀስ ይህ ይሻላል። እጥበቱ ራሱ ቀላል ነው፦ ለብ ያለ ውኃ፣ ለሱፍ የሚሆን ሳሙና፣ ሩብ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ። አይታሽም፣ አይጠመዘዝም። በፎጣ ጠቅልላችሁ ረግጣችሁ ውኃውን አውጡና ልኩን እየጠበቃችሁ ወለል ላይ አንጥፉት። ገመድ ላይ ከተሰቀለ ይረዝማል። ለሰው የምትልኩት ከሆነ ይህን በአማርኛ ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ ክተቱ፤ ሱፍን በሙቅ ውኃ አሽቶ ለሕፃን የሚሆን ሹራብ ያደረገ ዘመድ የሌለው ማን ነው?

ሹራቡ በሰው እጅ መሃል ሜዳ ደረሰ። ደወልኩ።

"ጋሼ፣ እንዴት ሆነልዎት?"

"ሙቀቱ ደኅና ነው። ጓሳ ነው አሉኝ ያዩት ሁሉ። እነዚህ ዙሪያውን ያሉት ቀይ ቀይ ነገሮች ግን ምንድን ናቸው?"

"ቀበሮዎቹ ናቸዋ!"

"አንቺ ልጅ፣ ቀበሮ አይጥ ስታድን ብቻዋን ናት። ይሄን ሁሉ ምን ሰበሰበው?"

ድግግሞሹ 26 ስለሆነ 26 ቀበሮ አሠልፌ ነበር። ንድፍ አውጪ የሚረሳው ይህን ነው፤ አንድ ጊዜ የሣለው ነገር ዙሪያውን ይባዛል። ለአክስቴ ልጅ በሠራሁት በሚቀጥለው ሹራብ ላይ ቀዩን ከንድፉ አወጣሁትና ሁሉም ነገር አልቆ ከታጠበ በኋላ በልብስ መርፌ፣ አንዲት ቀለበት ላይ ቅርጿን ተከትዬ ቀዩን ክር ደርቤ ሰፋሁት። ከፊት፣ ከግራ ትከሻ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ብቻ። ግማሽ ሜትር ክር አይፈጅም፤ ዙሩን ሙሉ ሦስተኛ ክር ከኋላ መጎተትም ይቀራል።

ጋሼ ጎንበስ ሲል ወገቡን ብርድ እንደሚገባውም ነግሮኛል። እጅጌና ደረት ለክቼ ቁመቱን ቆሞ ሳለ ብቻ ነበር ያስለካሁት። ሥራው መሬት ላይ ለሆነ ሰው ተቀምጦና ጎንበስ ብሎ አስለኩ፣ ከኋላ በኩል 5 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። ለተላከው ሹራብ ደግሞ ከዋናው ቀለም የተረፈችኝን አንድ ልቃቂት ይዤ እሄዳለሁ፤ የታችኛውን ላስቲክ ቆርጬ ቀለበቶቹን መርፌ ላይ መልሼ ወደ ታች አስረዝመዋለሁ። ሎት ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት ስላልጣልኩት ክሩ ባይበቃ እንኳ የምጠይቀውን አውቃለሁ።